የዓሪፍ ቱቦ

«አትጨምሪበት፤ ያለውም አልተነካ» አለች ሀጂራ።

ቶይባ ንፍሮ የሞላ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ቀና ብላ በበሩ በኩል ወደ ዳሱ አየች። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ለለቅሶው ያመጣቸው አግዳሚ ወንበሮች ከደጃፉ እስከ አጥሩ ተደርድረዋል። የተቀመጡባቸው ግን ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ሙስበሃውን ይቆጥራል፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጡሩምባና የወጣቶች ጭፈራ ይሰማል። ታጣቂዎቹ መርሳን ለቀው ከወጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው፤ የሰዉ ደስታ አልበረደም።

«ሰው የት ገባ፣ ቶይባ?»

«ከተማው መቼ ተረጋጋና። የሸሸው እንኳ ገና እየተመለሰ ነው።»

«ማዶ ሰፈር የሞቱት እናት ቤት ትናንት መቆሚያ ጠፋ ብለሽኝ የለም እንዴ? ያም መርሳ ነው፤ ይሄም መርሳ ነው።»

ቶይባ የአክስቷ ልጅ ናት፤ አብረው ነው ያደጉት። መዋሸት አይሆንላትም። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መልሳ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰው ፈርቶ ነው፣ ሀጂራ። ዓሪፍ ለእነሱ ይሠራ ነበር እያሉ ነው። በዚያ በቱቦው ምልክት ይሰጥ ነበር፣ ያ ታጣቂም ቤታችሁ የሚመላለሰው ለዚያ ነው እያሉ።»

ሀጂራ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ሐዘንተኛ ፊቱን ቢሸፍን ማንም አይጠይቀውም፤ እንባውን ነው ይባላል። እሷ የሸፈነችው ግን እንባዋን አልነበረም። ጉንጯ ከውስጥ እንደ እሳት ይጋረፍ ነበር። ቶይባ የነገረቻት ነገር አዲስ አልሆነባትም። ያንኑ ነገር እሷም በልቧ ስታብላላው ከርማለች፤ ያውም ወንድሟ በሕይወት እያለ፣ ከእጇ እየበላ።

ዓሪፍ ታናሽ ወንድሟ ነው ይባል እንጂ ልጇም ነበር። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። የደሴ አውቶቡስ በሚቆምበት ቦታ ማንጎና ብርቱካን እየሸጠች አሳደገችው። አስተማረችው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ ፊዚክስ አስተማሪ ሆነ፤ ትዳር ሳይይዝ፣ ሌላ ቤት ሳይፈልግ እዚያው እሷ ጋር ኖረ። ቶሎ የሚስቅ፣ ምሳውን የሚረሳ፣ ጫማው ሁሌ ሳይታሰር የሚወጣ ሰው ነበር። «እታለም» ነው የሚላት።

ቱቦውን የሠራው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ወፍራም የውሃ መስመር ቱቦ ቆርጦ፣ አዲስ አበባ አብሮት የተማረ ጓደኛው የላከለትን ጎድጓዳ መስታወት ከሥሩ ገጠመበት። ከእንጨት እግር ሠራለት። የመጀመሪያው ቀን ማምሻውን ሀጂራን እጇን ይዞ አወጣትና ዓይኗን ከቱቦው ጎን ካለችው ቀዳዳ ላይ አስጠጋት።

«ምን ታየሽ?»

«ኮከብ ነው። አይ… ቆይ። ጆሮ አለው።»

ዓሪፍ ሳቀ። «ጆሮ አይደለም፣ ቀለበት ነው። ዙሐል ይባላል። ፈረንጆቹ ሳተርን ይሉታል። ከመሬት ተነስቶ የሚሄድ አውሮፕላን ቢኖር ዕድሜሽን ሙሉ በርረሽ አትደርሺበትም።»

ትንሽ ነበር፤ የምስር ፍሬ አይሞላም። መልኩ ያረጀ ወርቅ ይመስላል። በዙሪያው ቀጭን ቀለበት፣ በኳሱና በቀለበቱ መካከል ደግሞ ጥቁር ክፍተት። ቀለበቱ ከሩቅ አንድ ሆኖ ይታይ እንጂ ቁጥር ስፍር የሌለው የበረዶና የድንጋይ ስብርባሪ እንደሆነ፣ እያንዳንዱም በየራሱ መንገድ እንደሚዞር አስረዳት። አንዳንድ ዓመት ጎኑን ይሰጠንና የጠፋ ይመስላል አላት። «አይጠፋም ግን። እኛ ከቆምንበት ቦታ ስለማይታይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ እየተሰለፉ ያዩ ነበር። ጎረቤትም ይመጣል። አንዳንዱ «ውስጡ ሥዕል ለጥፈህ ነው» ይለዋል። አንድ የውርጌሳ ሽማግሌ ይህንኑ ጠርጥረው መዳፋቸውን ከቱቦው አፍ ፊት ደቀኑ፤ ኮከቡ ጠፋ። እጃቸውን ሲያነሱ ተመለሰ። «ሱብሃነላህ» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዓሪፍ ያን ቀን ከደስታው ብዛት እራት አልበላም።

ክረምቱ ሳያልቅ ታጣቂዎቹ ገቡ። መብራት ተቋረጠ፣ ስልክ ጠፋ፣ ጤና ጣቢያው ተዘረፈ። ሰው በጊዜ በሩን ይዘጋል። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲገለጥ ግን ዓሪፍ ቱቦውን ግቢ አወጣ።

«ምነው አንተ፣ በዚህ ጊዜ?» አለችው።

«ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እታለም። ግን በከተማው አንድ መብራት የለም። ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም።»

ዓይን እንዳያጥበረብር ብሎ የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ይጠቀልለው ነበር። ያ ቀይ ብርሃን ነው በአጥሩ ላይ የታየው። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ገና ልጅ የሆነ አንድ ታጣቂ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ሀጂራ ጓዳ ውስጥ ከእህል ከረጢቱ ጀርባ ተደብቃ ሰማች።

«ምንድነው ይሄ? ማን ላይ ነው ያነጣጠርከው?» አለ ልጁ፤ አማርኛው ይሰባበራል።

«ዙሐል ላይ» አለ ዓሪፍ። «ና እየው።»

ሀጂራ ተኩስ ጠበቀች። የሰማችው ግን ሳቅ ነው፤ የልጅ ሳቅ።

«እኛ አገርም ይታያል?»

«ከእናትህ ደጅም ይታያል።»

ልጁ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መጣ። ጎረቤት አየ። ሀጂራ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንድ ምሽት ደግሞ ታጣቂው በመኪና መጣ፤ ዓሪፍ ነጠላ ጫማውን እንዳጠለቀ ዘሎ መኪናው ውስጥ ገባ። የተመለሰው በማግስቱ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ።

«የት ነበርክ?»

«አትጠይቂኝ፣ እታለም። የኔ ምስጢር ቢሆን ካንቺ ሌላ ለማን እነግር ነበር?»

አልጠየቀችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እህል ስታቀርብለት ፊቱን ማየት አቃታት።

ሠራዊቱ መርሳን ያስለቀቀ ዕለት ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። እልልታው፣ ጥይቱ ወደ ሰማይ። ዓሪፍ ጫማውን ሳያስር ሮጦ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ ከሰማይ የተመለሰ አንድ ጥይት አናቱን መታው። ማን እንደተኮሰው አይታወቅም። ሰው ሁሉ ይተኩስ ነበር።

ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ነው የሰፈሩ ጠባቂዎች የመጡት። ፊት ፊት የሚመራቸው ጀብሪል፣ የድሮ ተማሪው ነው፤ ክላሹን አንግቷል።

«እትዬ ሀጂራ፣ አላህ ያጥናሽ። ግን መጠየቅ አለብን። ያ ሰውዬ እዚህ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣ ነበር?»

ግቢው ሙሉ ሰው እሷን አየ።

«እኔ ምኑንም አላውቅም» አለች። «እሱ የሚያደርገውን እሱ ነው የሚያውቀው።»

ወንድሟ እዚያው፣ በግድግዳው ማዶ፣ ከፈን ለብሶ ተኝቶ ነበር። ቱቦውን ይዘው ሄዱ። ቅሬው ለወጉ ቀበረው። ከቀብር መልስ ሰው አንድ በአንድ ተንጠባጥቦ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። አልማዝ ናት፤ ከታች ሰፈር። ልጇን ብርቱካንን ዓሪፍ አስተምሯታል። እስከዛሬ ብቅ አላለችም ነበር። ሀጂራ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች፤ ከጉልበቷም ላይ ቀና ማለት አቃታት።

«ተነሽ እንጂ» አለች ሀጂራ።

«በምን ዓይኔ አይቼሽ ልነሳ» አለች አልማዝ። ቶይባ ነገሩ ገብቷት ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

አልማዝ በሹክሹክታ ጀመረች። «ብርቱካን ወልድያ አክስቷ ዘንድ ከርማ ወለደች እያልኩ ያወራሁት ውሸት ነው። ምጥ የያዛት እዚሁ ነው። ቀኑን ሙሉ አማጠች፣ ልጁ በእግሩ መጣ። ጤና ጣቢያው ባዶ። መኪና የለ፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ወልድያ አንዲት አዋላጅ ቤቷ ቀርታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዴት አድርጌ ልድረስ? ያ ታጣቂ እናንተ ቤት እንደሚመጣ አይቼ ነበርና በጓሮ መጥቼ ዓሪፍን እግሩ ላይ ወደቅሁ።»

ሀጂራ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋች።

«ዓሪፍ ታጣቂውን ለመነው። ‹ያን ኮከብ ላሳየሁህ ለኔ ስትል› አለው። ታጣቂውም መኪና አመጣ። ሲሪንቃ ላይ የራሱ ሰዎች አስቆሙን፤ እሱ ሲጨቃጨቅላት በሰደፍ መቱት፤ ግን አሳለፈን። ዓሪፍ መንገዱን ሙሉ የብርቱካንን ራስ ደግፎ ነበር። ሁለቱም ተረፉ፣ እናትም ልጅም። ያን ታጣቂ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ይሙት ይዳን አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን…»

«የብርቱካን ባል ግንባር ነው ያለው፤ ከእነሱ ጋር እየተዋጋ። ልጁ በነሱ መኪና ተጭኖ ዓለምን አየ ሊባል ነው? ‹በማርያም ይዤሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር› አልኩት። ‹በእህቴም በአላህም ቃሌ ነው› አለኝ። ይኸው ቃሉን ጠበቀ። እኔ ሰው ሲያማው እየሰማሁ አፌን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ለቅሶውን እንኳ ቀረሁ።»

ሀጂራ መጀመሪያ የተሰማት ቀላል ነገር ነው፤ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት ያህል። ቀጥሎ የመጣው ግን ከድንጋዩ ከበደ። በእህቴ ብሎ ማለ። እሷ ደግሞ ሳህኑን ከፊቱ አስቀምጣ ዞር ትል ነበር። ከዚያ ንዴት ተከተለ።

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔን ምን ይረባኛል? ውጪ ለሚያሙት ንገሪ!»

አልማዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «ባሏ ቢፈታትስ? ልጁን ዲቃላ ቢሉብኝስ?»

ሀጂራ ብዙ ልትናገር ነበር። የሴትዮዋን ፊት ስታይ ግን የራሷን ድምፅ ሰማች፦ እኔ ምኑንም አላውቅም። አልማዝ ለልጇ ፈርታ ዝም አለች። እሷስ? እሷ ለማን ብላ ነው የካደችው? ለራሷ ቆዳ ነው።

«ተይው» አለች ቀስ ብላ። «ቃሉን እኔ አላፈርስበትም።»

ሐዘንተኛ ከመደቡ አይነሳም። ሀጂራ ተነሳች። ቶይባ «ወዴት?» እያለች ስትከተላት ዳሱን አልፋ፣ ሽማግሌዎቹን አልፋ፣ በባዶ እግሯ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ጀብሪልና ጓደኞቹ መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው መኪና ይፈትሹ ነበር። ሐዘንተኛ ሴት ከለቅሶ ቤት ወጥታ ስትመጣ ሲያዩ ገመዱን ለቀቁ። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠውም ሰው ቆመ።

«ጀብሪል» አለች። «ያን ዕለት አላውቅም ያልኩህ ፈርቼ ነው። ወንድሜን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ማንንም አሳልፎ አልሰጠም። ያ ሰውዬ ለምን ይመጣ ነበር ብትለኝ፣ ሰማይ ሊያይ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ብትገድለኝ አልነግርህም። የሌላ ሰው ነው። እኔ ያሳደግሁትን ልጅ ክጄ ልቀመጥ አልችልም።»

ጀብሪል መሬት መሬት አየ።

«እትዬ ሀጂራ… እኔም ልመጣ ነበር። ቱቦውን ወስጄ ተራራውን አየሁበት። ተራራው ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ ሰማዩ ከታች፣ የመስጊዱ ሚናራ በጫፉ ቆሞ። ያኔ ነው ቲቸር ዓሪፍ ክፍል ውስጥ የነገረን ትዝ ያለኝ። ‹ይህ ዕቃ ገልብጦ ያሳያል፤ ሰማይ ላይ ግን ላይና ታች ስለሌለ ግድ የለም› ብሎን ነበር። አገሩን ዘቅዝቆ የሚያይ ሰላይ ምን ዓይነት ነው? የዚያኑ ዕለት ልመልሰው አሰብኩ። አፈርኩ።»

«ሰማይ ሊያይ ነው እንዴ በመኪና የሄደው?» አለ ከሱቁ ደጃፍ አንድ ሰው። «መኪና ውስጥ ሲገባ ያየነውስ?»

ሀጂራ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ሰውየው «አያችሁ?» ለማለት እጁን ሲዘረጋ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«እኔን ነው ያደረሰው!»

አልማዝ ናት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እየጎተተች ነበር። «ልጄን ነው ያደረሰው! የብርቱካንን ምጥ! የልጅ ልጄን ከሞት አፍ ነው ያወጣው፤ ሰምታችኋል? አሁን የምትሉትን በሉ። ለባሏም እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።» የምትለውን ሁሉ ካለች በኋላ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች፤ ለዓሪፍ የተለቀሰ የመጀመሪያው የጎረቤት ልቅሶ ነበር።

ማንም ማንንም አላየም። ባለሱቁ በሩን ከፈት አድርጎ ያለ ምክንያት ዘጋው። ሀጂራ አልማዝን ከመሬት አነሳቻትና ነጠላዋን አለበሰቻት። ተደጋግፈው ተመለሱ።

ማምሻውን ሰው መጣ። አንድ በአንድ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ ፊቱን ወደ ጎን እያደረገ። ሴቶቹ ገብተው ሀጂራን አቀፏት፤ «አላህ ይዘንለት» ይላሉ፣ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ውሃ መቅጃ ላይ ወሬ ከሚያቋርጡት ሴቶች አንዷ የሀጂራን እጅ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ሀጂራ ማንንም አልወቀሰችም። ለመውቀስ የሚያበቃ ንጹሕ ልብ እንደሌላት ታውቃለች።

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ጀብሪል ቱቦውን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ግቢው መሃል አቆመው። ከተራራው በላይ፣ ሰማዩ ገና ወይን ጠጅ መልኩን ሳይለቅ፣ ኮከቦች መውጣት ጀምረው ነበር። ጀብሪል ጎንበስ ቀና እያለ ዙሐልን ፈለገ፤ አጣው፣ አገኘው፣ እንደገና አመለጠው። መሬት ራሷ ስለምትዞር ኮከቡ ከቀዳዳዋ ቶሎ ይወጣል፤ ቱቦውን ቀስ እያሉ ማስከተል ያስፈልጋል።

«አገኘሁት» አለ በመጨረሻ። «እትዬ ሀጂራ፣ ነይ እዪ።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች። «እናንተ እዩ።»

በመጀመሪያ ያ ከሱቁ ደጃፍ የተናገረው ሰው ተጠጋ። ዓይኑን አስጠግቶ ቆየ። ቀና ሲል ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከእሱ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ቶይባ፣ ከዚያ አልማዝ። ማንም «ሥዕል ነው» አላለም። እያዩ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃሉ። ጀብሪል ቱቦውን በእጁ ይዞ እያስከተለላቸው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከተራራው በኩል የታኅሣሥ ነፋስ መውረድ ጀመረ። ጀብሪል የለበሰው ስስ ቲሸርት ነው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቱቦውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሀጂራ አይታው ወደ ቤት ገባች። ከሚስማሩ ላይ የዓሪፍን ኮት አወረደች፤ ለትምህርት ቤት የሚለብሰውን። ይዛው ወጥታ ከኋላው ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«ኧረ እትዬ ሀጂራ! እኔ ልለብሰው አይገባም። እኔ እኮ…»

«ዝም ብለህ ልበስ። ይበርድሃል።»

እጆቹን አንድ በአንድ እጅጌው ውስጥ አስገባችለት። ወደ ፊት ዞራ ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። እጅጌው ጫፍ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ልታራግፈው እጇን አነሳች፤ ተወችው።